እሑድ ሱቄን ብዘጋ እንጀራዬን ማን ይሰጠኛል?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ሁለት ወጣቶች ቀጥሬ በቁራጭ ሂሳብ እከፍላቸዋለሁ። ጥምቀት ሲቃረብ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንሰፋለን፣ እሑድም ከቅዳሴ መልስ ሥራ እንገባለን። አንድ ወንድም ‹እሑድን ዝጊ፣ እግዚአብሔር እጥፍ አድርጎ ይከፍልሻል፣ የማትዘጊው እምነት ስለሌለሽ ነው› አለኝ። ባለፈው ዓመት ልክ ጥምቀት ሲደርስ ሦስት እሑድ ዘጋሁ። የእቁብ መክፈያ አጠረኝና ተበድሬ ከፈልኩ። ጎረቤቴ ደግሞ ቅዳሜም ሰንበት ነው ትለኛለች። ቅዳሜ ደግሞ ዋናው ገበያዬ ነው። እውነት እምነቴ ነው የጎደለው? ምን ላድርግ?»

መልስ፦ የጎደለዎት ዝግጅት ነው። እምነትዎ ላይ የተፈረደው ፍርድ ልክ አልነበረም። ወንድም እሑድን ይዝጉ ማለቱ ትክክል ነው፣ እኔም ከታች ያንኑ እላለሁ። የሰጠዎት ምክንያት ግን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ብድር ውስጥ የከተተዎትም ያ ምክንያት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመና፣ እግዚአብሔር በምድረ በዳ ለእስራኤል ከሰማይ ካወረደው እንጀራ ነው። ዘጸአት 16ን ይክፈቱት። ሕዝቡ ከግብፅ ወጥቷል፣ ሲና ገና አልደረሰም። ዐሥሩ ትእዛዛት አልተሰጡም። ሰንበትን መጀመሪያ የተማሩት ከእንጀራ ጋር ነው ማለት ነው። በየቀኑ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር በሚባል መስፈሪያ ይለቅማሉ። ለነገ ብሎ ያሳደረው ይተላበታል፣ ይሸትበታል። በስድስተኛው ቀን ግን ለአንድ ሰው ሁለት ጎሞር ይገኛል፤ ያደረውም አይበላሽም። በሰባተኛው ቀን አንዳንዶች ሊለቅሙ ወጡ፣ ምንም አላገኙም።

አሁን ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። እጥፉ የመጣው ዓርብ ነው። ዕረፍቱ የመጣው ከእጥፉ በኋላ ነው። በዚያ ዓርብ ደግሞ ሰው ጎንበስ ብሎ ሁለት እጥፍ ለቅሟል፣ የሚጋገረውን ጋግሯል፣ የሚቀቀለውን ቀቅሏል። ሙሴ እንዲያውም በግልጽ አዟቸዋል። «ዛሬ ዝጊ፣ ነገ እጥፍ ይገባልሻል» የሚለው ምክር ይህንን ገልብጦ ነው የያዘው።

በዘሌዋውያን 25 ስለ ሰባተኛው ዓመት ዕረፍት ሲነገርም እንደዚሁ ነው። «ካልዘራን በሰባተኛው ዓመት ምን እንበላለን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እግዚአብሔር ራሱ ቀድሞ ያነሣዋል። በጠያቂው አይቆጣም። እምነት የለህም አይለውም። በስድስተኛው ዓመት በረከቴን አዝዛለሁ፣ ለሦስት ዓመት የሚበቃ ፍሬ ይሰጣል ብሎ ይመልስለታል። እዚህም ስጦታው ከዕረፍቱ በፊት ነው የሚመጣው። እርስዎ «ማን ይሰጠኛል?» ብለው መጠየቅዎ ስለዚህ ነውር የለበትም።

ሳይዘጋጁ ዘግቶ ብር መጠበቅ ግን ሌላ ስም አለው። ጌታ በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ ራስህን ወርውር ሲባል፣ ጌታ አምላክህን አትፈታተነው ተብሎ ተጽፏል ብሎ መልሷል። የእቁብ ቀን እየደረሰ፣ የሰው ቀብድ ተበልቶ፣ ያልተሰፋ ቀሚስ ተከምሮ ሱቁን ቆልፎ መሄድ ወደዚያ ይጠጋል። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያ ያስደረገዎት የሰው ምክር ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የማቴዎስ 6 የወፎቹ ነገር ነው። አይዘሩም፣ አያጭዱም፣ የሰማዩ አባታችሁ ይመግባቸዋል ይላል። ይህን ይዞ «አትሥሩ ነው የሚለው» የሚል ሰው አይጠፋም። ወፍ ግን ጎጆዋ ውስጥ ተኝታ እህል አፏ ውስጥ አይገባላትም፤ ማለዳ ወጥታ ስትለቅም ነው የምትውለው። ጌታ እዚያ የከለከለው ጭንቀትን ነው። ሥራን አልነካም። ጳውሎስም ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሏል፣ እሱ ራሱ ደግሞ ሰፊ ነበር። ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ እንደነበር ተጽፏል። የሚቀጥለውን ቁጥርም አብረው ያንብቡት። በየሰንበቱ ምኩራብ ይገኝ ነበር። መርፌና ክር የያዘ ሰው፣ የዕለት ጉርሱን በእጁ የሚያገኝ፣ ደንበኛ ያለው ሰው ነው። ግን ያቆም ነበር።

እንግዲያው ለእርስዎም እሑድ ይቁም። ይህን ሳላመነታ ነው የምናገረው። «ጥምቀት ሲደርስስ?» ይሉኝ ይሆናል። ዘጸአት 34፥21 ስድስት ቀን ትሠራለህ፣ በሰባተኛው ቀን ታርፋለህ ካለ በኋላ፣ በእርሻና በመከር ጊዜም ታርፋለህ ብሎ ይጨምራል። ገበሬ ከወቅቶቹ ሁሉ የማይለቃቸውን ሁለቱን መርጦ ነው የጠቀሰው። የጎንደር ሰፊ መከር ጥምቀት ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከተማው በሙሉ በነጭ ይወጣል፤ ያን ነጭ የሰፋችሁት እናንተ ናችሁ። ትእዛዙ ሥራ ለቀዘቀዘበት ሰኔና ሐምሌ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትእዛዝ ባላስፈለገ ነበር። ሥራ ሲጠፋ ሁሉም ያርፋል።

አሁን በጥያቄዎ ውስጥ በአንድ መስመር ወዳለፏቸው ሰዎች ልምጣ። ሁለቱ ወጣቶች። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የእነሱ ነገር ነው።

ዐሥሩ ትእዛዛት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሁለት ቦታ ተጽፈዋል። በዘጸአት 20 የሰንበት ምክንያት ፍጥረት ነው፤ እግዚአብሔር በስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ዐረፈ። በዘዳግም 5 ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ወንድ ባሪያህና ሴት ባሪያህ እንዳንተው ያርፉ ዘንድ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ይላል። በግብፅ ለእስራኤል የዕረፍት ቀን አልነበራቸውም። ለእግዚአብሔር በዓል እናድርግ ብለው ቢጠይቁ ፈርዖን ሰነፎች ናችሁ አላቸው፣ ገለባ ከለከላቸው፣ የጡቡን ቁጥር ግን አልቀነሰላቸውም። ስለዚህ ሰንበት ከመጀመሪያውም የተሰጠው «ዛሬ አልሠራም» ለማለት ዐቅም ለሌለው ሰው ነው።

እርስዎ የሱቁ ባለቤት ነዎት። ቢደክምዎ ወንበር ላይ ዘንበል ይላሉ። በቁራጭ የሚከፈለው ልጅ ግን ካልሰፋ አይበላም። እሑድ ከሰዓት ግባ ሲባል፣ እምቢ ቢል ሰኞ ሥራው መኖሩን አያውቅም። ስለዚህ ይገባል። ኢሳይያስ 58 የጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ብሎ የሚገሥጸው ጸሎተኛ የሆኑ ሰዎችን ነው። ቀኑን ሲዘጉ የዕረፍቱን ዋጋ ልጆቹ ብቻ እንዳይከፍሉት ይጠንቀቁ። እሑድ ሲዘጋ የሳምንት ገቢያቸው ይቀንሳል፣ የቤት ኪራያቸው ግን አይቀንስም። የቁራጭ ዋጋቸውን ትንሽ ከፍ ያድርጉላቸው። ደግሞ ሂሳባቸውን ቅዳሜ ማታ፣ ሱቁ ሳይዘጋ፣ በእጃቸው ይስጧቸው። «ሰኞ እንተሳሰባለን» አይበሉ። ዘዳግም 24 የድሀ ምንዳ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈል ይላል። ብሩ እጁ ላይ ሳይገባ ያረፈ ልጅ እሑድን ሲጨነቅ ነው የሚውለው።

ሥራዎ ለምን እሑድ ውስጥ እንደሚገባ ደግሞ ምክንያቱን እንፈልግ። «ብር ስለሚያስፈልገኝ» ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር አብሮ ይገኛል። ከእጅ በላይ ትእዛዝ መቀበል፣ ደንበኛ ላለማጣት ዋጋ ማውረድ፣ የተቀበሉትን ቀብድ ለሌላ ማዋል። ቀብዱ ለእቁብ ከሄደ ጨርቅ የሚገዛው ከቀጣዩ ሰው ቀብድ ነው። ያንን ሰው ለማስደሰት ደግሞ ሌሊት ይሰፋል። ይህ ዙር እሑድን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱንም በልቶታል። መዝሙረ ዳዊት 126፣ በሌላው አቆጣጠር 127፣ በማለዳ መነሣታችሁ፣ የመከራ እንጀራ መብላታችሁ ከንቱ ነው፣ ለወዳጆቹ እንቅልፍን ይሰጣልና ይላል። እንቅልፍ እዚያ ላይ ስጦታ ተብሎ ተቆጥሯል።

እስኪ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተጠለፈ ቀሚስ ጠዋት በብርሃን ያውጡት። ከደረቱ የሚወርደው ጥልፍ አንድ ጣት ወደ ግራ ሄዷል። ጫፉ ላይ ጥበቡ ከጥበቡ አልገጠመም። ሰኞ ጠዋት በምላጭ ክሩን እየፈቱ፣ ጨርቁን እንዳይቀዱት እየተጨነቁ፣ እሑድ የሠሩትን ያፈርሳሉ። ያ ሰዓት በእሑድ ገቢ ላይ አይጻፍም እንጂ የእሑድ ወጪ ነው።

ስለዚህ ከመዝጋትዎ በፊት አራት ሳምንት ደብተር ይያዙ። በየእሑዱ የገባውን ይጻፉ። ከሥሩ የመብራት፣ የትራንስፖርት፣ የልጆቹን ምሳ፣ ሰኞ የፈታችሁትን ሥራ ይቀንሱ። የሚቀረው እርስዎ ከሚፈሩት ያነሰ ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ። ካልሆነም ደግሞ ትክክለኛውን ቁጥር ያውቁታል፤ ያን ያህል ነው መሙላት ያለብዎት። ፍርሃት ቁጥር ከሌለው መጨረሻ የለውም።

ከዚያ «ዓርብዎን» ያዘጋጁ። ለጥምቀት የሚደርስ ቀሚስ ከታኅሣሥ 20 በኋላ አይቀበሉ፤ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉት። ለምነው የሚመጡ ይኖራሉ። የእህትዎ ጓደኛ ትመጣለች። እምቢ ማለት እዚህ ጋ የእምነት ሥራ ነው፤ ከመዝጋቱም ይከብዳል። ቀብድ ግማሽ ይቀበሉ፣ ያንን ገንዘብ ከቤት ወጪ ለይተው ያስቀምጡ፣ ጨርቅና ክር ብቻ ይግዙበት። እቁቡ ከዐቅምዎ በላይ ከሆነ፣ በመሀል አያቋርጡ፤ የሰው ገንዘብ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ግን በቀጣዩ ግማሽ እጣ ይግቡ፣ ዳኛውን ከአሁኑ ያነጋግሩት። እሑድን ለመዝጋት ብለው ደግሞ አይበደሩ። ብድር ተይዞ የተዘጋ ሱቅ ውስጥ ዕረፍት የለም፣ አይተውታል።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ይዝጉ፣ እስከ እሑድ ማታ ይቆይ። በቤተ ክርስቲያናችን ቀኑ ከዋዜማው ምሽት ስለሚጀምር ይህ ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ስልኩንም ይዝጉት። ልኬት በቴሌግራም እየተቀበሉ፣ ቀብድ በቴሌብር እያረጋገጡ የሚዋልበት እሑድ ቁልፉ ብቻ ነው የተዘጋው። አሞጽ 8 ላይ ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን ዘግተው ነበር፤ ልባቸው ግን «ሰንበት መቼ ያልፋል፣ ስንዴያችንን እንድንሸጥ» ይል ነበር። ነቢዩ የገሠጻቸው በዚህ ነው፣ መስፈሪያ በማሳነሳቸውም ጭምር።

አንድ ነገር ሴቶች ሳትጠይቁኝ ልናገር። ሱቁ ይዘጋል፣ ከዚያ ልብስ ማጠብ ይጀመራል፣ ሊጥ ይነሣል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ እንግዳ ይመጣል። ባል ያርፋል፣ ልጆች ያርፋሉ፣ እናት ሥራ ቀየረች እንጂ አላረፈችም። የትእዛዙ ዝርዝር ውስጥ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ ባሪያ፣ በሬ፣ አህያ፣ መጻተኛ ሁሉ አሉ። ማንም ለሌላው ዕረፍት ሲባል አይደክምም። እንጀራው ቅዳሜ ይጋገር፣ ወጡም ቅዳሜ ይሠራ፣ እሑድ የሚያሞቁትና የሚያቀርቡት ልጆቹ ይሁኑ። በእኛው አገር ይህን ያደረጉ ነበሩ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች (የኢትዮጵያ አይሁድ) ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምግባቸውን ሠርተው እሳታቸውን ያጠፉ ነበር። አብዛኞቹ ርስት የተነፈጉ፣ ወንዶቹ አንጥረኞችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። እንደ እርስዎ ከእጃቸው ሥራ በቀር የሚደገፉበት አልነበራቸውም።

ቀኑ እንደ እስር ቤት እንዳይሆንብዎ ደግሞ ወሰኑን ይወቁት። ቅዳሜ ሌሊት ሰው ሞቶ ቤተሰቡ እሑድ ጠዋት ጥቁር ልብስ አስፊልን ብሎ በርዎን ቢያንኳኳ ይክፈቱ፣ ይስፉላቸው። ጌታ በሬያችሁ በሰንበት ጕድጓድ ቢገባ አታወጡትም ወይ ብሎ ጠይቋል። ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም ብሏል። ለሰርግ የምትለብሰውን ማሰፋት የረሳች የሙሽራ ሚዜ ግን ጕድጓድ የገባ በሬ አይደለችም፤ ሰኞ ትምጣ። ነርስ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛ ሆነው እሑድን መምረጥ የማይችሉ አንባቢዎችም አሉ። እነሱ ቅዳሴውን ካገኙ በኋላ ሌላ ቀን ላይ እውነተኛ ዕረፍት ይፈልጉ፤ ራሳቸውን እንደ ከሓዲ አይቁጠሩ።

ይህን ሁሉ አድርገው በአንዱ ወር ቢጎድልብዎስ? ሊጎድል ይችላል። ጠንክሮ ያመነ ሁሉ ኪሱ ይሞላል የሚል ተስፋ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ያለው ሌላ ነገር ነው። በመናው ታሪክ ብዙ የለቀመ አልተረፈውም፣ ጥቂት የለቀመም አልጎደለበትም ይላል። ጳውሎስ ይህንኑ ቃል በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ጠቅሶ፣ የእናንተ ትርፍ የእነሱን ጉድለት ይሙላ ይላል፤ ገንዘብ ሊያሰባስብ እየጻፈ ነው። እግዚአብሔር ከሚሰጥባቸው መንገዶች ትልቁ ሰው ነው። ስለዚህ ሲጎድልብዎ ለወንድምዎ፣ ለማኅበርዎ፣ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ዝም ብለው አበዳሪ ጋ አይሂዱ። «ዝጊ» ያለዎት ያ ወንድምም ምክሩን ሲሰጥ የሳምንቱ እቁብ እንዴት እንደሚሞላ አብሮ ቢጠይቅ መልካም ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዘግተውም፣ ተዘጋጅተውም፣ ጸልየውም እንቅልፍ እንቢ ካለ፣ ልብዎ ያለምክንያት የሚመታ ከሆነ፣ ለሳምንታት ካልለቀቀዎ ሐኪም ይዩ። ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ሲተኛም ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። የደከመ ሥጋን ማከም እምነት ማጣት አይደለም።

ቅዳሜን በተመለከተ ጎረቤትዎ ያለችው መሠረት አለው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ ሁለቱ ሰንበታት ብዙ መከራ ተቀብለዋል፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመንም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1450፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወስኗል። ስለዚህ ቅዳሜን አይናቁት። ግን ስለ ቅዳሜ ገበያው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ እሳቸው ቤትዎን ያውቃሉ፣ እኔ አላውቅም። የወር በዓላቱንም ጉዳይ አብረው ይጠይቋቸው። የእኔ ምክር ከአንድ እሑድ ይጀምሩ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልዝጋ ብለው ባለፈው ዓመት ወደገቡበት ብድር አይመለሱ። ደብተሩን በዚህ ሳምንት ይጀምሩት፣ ለሁለቱ ልጆችም ያሰቡትን ዛሬውኑ ይንገሯቸው።